በማርሚታው ቫልቭ ላይ ለቀረበው ክስ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ስፖርት መኪኖች ድምፅ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የዛሬዎቹ የስፖርት መኪኖች የቀድሞ ድምፃቸውን አጥተዋል ብለው ያዝናሉ፤ ለዚህ ጥፋት ዋናው ተጠያቂም በጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ፣ የጭሱን ድምፅ በሚያፍነው ሳጥን ማለትም በማርሚታው አካባቢ የሚገጠመውና በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚከፈተውና የሚዘጋው ቫልቭ ነው ብለው ይፈርዳሉ። ክሳቸው ሲጠቃለል አምስት ነው፦ ቫልቩ የሚያሰማው ድምፅ የውሸት ነው፤ ሥራውም እንደ ሬዲዮ ቁልፍ ጩኸትን ከፍና ዝቅ ከማድረግ አያልፍም፤ ሲከፈት ከ20 እስከ 30 የፈረስ ጉልበት ስለሚሰጥ፣ ሲዘጋ ባለቤቱን የከፈለበትን ጉልበት ይነጥቀዋል፤ የተፈለሰፈው የድምፅ ሕግን ለማታለል ነው፤ ስለዚህም መፍትሔው ቫልቩን ከፍቶ ለዘለቄታው መተው ነው። በጭስ ማውጫ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት እንዳሳለፈ ሰው፣ ከአምስቱ አንዱን በግማሽ እቀበላለሁ፤ የቀሩትን ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

በቅድሚያ ስያሜውን ላጥራ። በሞተሩ ቴስታታ ማለትም በላይኛው ክዳኑ ውስጥ ተቀምጦ የተቃጠለውን ጋዝ ከሲሊንደሩ የሚያስወጣውም የጭስ ማውጫ ቫልቭ ይባላል፤ ጸሐፊውም በአንድ ቦታ ሁለቱን አምታትተዋቸዋል። እዚህ የምንነጋገረው ከዚያ በጣም ርቆ፣ ከመኪናው ኋላ፣ ማርሚታው አጠገብ ወይም በማርሚታው ውስጥ ስለሚገኘው ነው፦ በቧንቧው መሐል በአንድ ዘንግ ላይ የምትዞር፣ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ክብ ብረት ናት። ዘንጉን ቀድሞ ከሞተሩ አየር ማስገቢያ በሚሳብ ቫኪዩም የሚሠራ፣ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል ቆርቆሮ ያዞረው ነበር፤ አሁን በአብዛኛው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ያዞረዋል። እንዳይምታታ ከዚህ በኋላ የማርሚታ ቫልቭ እለዋለሁ።

ድምፁ የውሸት ነው ለሚለው ክስ መልሱ አጭር ነው። በድምፅ ማጉያ የሚለቀቅ የሞተር ድምፅ በእርግጥ አለ፤ ቢኤምደብሊው በ2011 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ኤም5 የሞተሩን ድምፅ በሬዲዮው ድምፅ ማጉያዎች በኩል ለነጂው ያሰማ ስለነበር ብዙ ተወቅሷል። የሁለቱን ልዩነት ለማወቅ ግን ከመኪናው ወርዶ ከኋላው መቆም ይበቃል። የድምፅ ማጉያው ድምፅ ከመስኮቱ ወዲያ አያልፍም፤ በማርሚታ ቫልቭ የመጣው ለውጥ ግን መንገድ ዳር ቆሞ የሚሰማ ነው፤ የሚሰማው ራሱ የተቃጠለው ጋዝ አየሩን ሲመታ ነውና። በእርግጥ ይህ ፈተና በኤሌክትሪኩ ዶጅ ቻርጀር ዴይቶና ላይ አይሠራም፤ እሱ ጭስ ሳይኖረው ድምፅ ማጉያውን ወደ ውጭ ያዞረ መኪና ነው። ጸሐፊው ስለ ውሸት ድምፅ ለመጻፍ ከፈለጉ ጥሩ ርዕስ እዚያ ያገኛሉ።

ሁለተኛው ክስ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው በቅንነት የሚያምነውም እሱን ነው። የሞተር ድምፅ መነሻው በሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚካሄደው ቃጠሎ ነው። ባለ አራት ምት በሆነ ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር አራት ጊዜ ጋዝ ይተፋል። በደቂቃ 6600 ዙር ሲሽከረከር በሰከንድ 110 ዙር ይሆናል፤ ይህም በሰከንድ 440 ጊዜ መትፋት ማለት ነው፤ 440 ሄርዝ ደግሞ የኦርኬስትራ ተጫዋቾች መሣሪያቸውን የሚቃኙበት ድምፅ ነው። ይህን ቁጥር የትኛውም ቫልቭ አይለውጠውም፤ የሚለውጠው የነጂው እግርና ማርሹ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ክርክር ባልኖረን ነበር። ነገር ግን ጆሮ ያንን አንድ ቁጥር ብቻውን አይሰማውም። ከበላዩ እጥፎቹ፣ ከበታቹም ግማሾቹና ሩቦቹ አብረውት ይወጣሉ፤ ሁለት መኪኖች በእኩል ዙር እየሄዱ አንዱ የሚያጓራው፣ ሌላው የሚያፏጨው በዚህ ድብልቅ ምክንያት ነው። ቫልቩ ጣልቃ የሚገባውም በዚሁ ድብልቅ ላይ ነው።

እንዴት እንደሚገባ ለማየት ማርሚታውን በመጋዝ ሰንጥቆ መክፈት ነው። ያረጁትን ስንቀይር እኔ ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ውስጡ እንደ ቤት በግድግዳ የተከፋፈለ ነው። ቫልቩ ሲዘጋ ጋዙ ወንፊት በመሰለው ቧንቧ እየተበተነ ከክፍል ወደ ክፍል ይዞራል፤ ከጠባብ ወደ ሰፊ በወጣ ቁጥር የግፊቱ ሞገድ ከፊሉ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ተመላሹም ከኋላው ከሚመጣው ጋር ተጋጭቶ ይጠፋፋል። በአንደኛው ጥግ አንገት ያለው ባዶ ክፍል ይኖራል፤ ይህ አፉ ላይ ሲነፉበት እንደሚያሰማ ጠርሙስ ነው፤ የሚስማማውን አንድ ድምፅ መርጦ ይውጠዋል። ሌላው ብልሃት ደግሞ ጫፉ የተደፈነ ቅርንጫፍ ቧንቧ ነው። በ500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ጋዝ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 550 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በተራ አየር ግን 343 ሜትር ነው። ስለዚህ 100 ሄርዝ የሆነውን ድምፅ ለመዋጥ የሞገዱ ሩብ ርዝመት፣ ማለትም 1 ሜትር ከ37 ሳንቲሜትር የሚሆን ቅርንጫፍ ያስፈልጋል። በግድግዳው ዙሪያ የተጠቀጠቀው ሙቀት ቻይ ፋይበር ደግሞ ቀጫጭኖቹን ድምፆች ይበላል። ቫልቩ ሲከፈት ጋዙ ይህን ሁሉ ትቶ በአቋራጭ ይወጣል። ሲበሉና ሲዋጡ የነበሩት ድምፆች ያለ ሃይ ባይ ይወጣሉ፤ ነገር ግን ሁሉም እኩል ታፍነው ስላልነበር ሁሉም እኩል አይጨምሩም። አንዳንዱ ድግግሞሽ ምንም አይጨምርም፣ አንዳንዱ ከምንም ተነሥቶ ይገናል። ይህ የሬዲዮ ቁልፍ ሥራ አይደለም።

ለእኔ የሚቀርበው ምሳሌ ዋሽንት ነው። ነፊው ትንፋሹን ሳይለውጥ ጣቱን ከቀዳዳው ቢያነሣ፣ ሰሚው ጨመረ ወይም ቀነሰ አይልም፤ ሌላ ድምፅ መጣ ይላል። ምሳሌው እስከ ዳር አይሄድም፤ በዋሽንት የድምፁን ቅጥነት የሚወስነው የቱቦው ርዝመት ሲሆን፣ በመኪና ግን ቅጥነቱ አስቀድሞ በሞተሩ ዙር ተወስኖ ስለሚመጣ ቱቦው ከመጣው ውስጥ መርጦ ያሳልፋል። ቀዳዳ የሌለው እምቢልታ አንድም ሁለትም ድምፅ ብቻ ስላለው ሌላውን ከባልንጀራው እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ቫልቭ የሌለው ማርሚታም በከተማና በአውራ ጎዳና፣ በሚኒሞና በከፍተኛ ዙር አንድ ዓይነት ማሳለፊያ ይዞ ይኖራል፤ ባልንጀራ ግን የለውም።

ቫልቩ ድምፅ እንደማይፈጥር ለማየት ከአሜሪካው የስፖርት መኪና ከኮርቬት የተሻለ ማስረጃ የለኝም። ሲ8 ከሚባለው ከስምንተኛው ትውልድ ኮርቬት ሞተሮች ሁለቱን ልውሰድ፤ ሁለቱም ባለ ስምንት ሲሊንደር ናቸው፣ ሁለቱንም የሚሠራቸው አንድ ኩባንያ ነው፣ ሁለቱንም በማርሚታ ቫልቭ ማግኘት ይቻላል። በስቲንግሬይ ላይ ያለው 6.2 ሊትር ሞተር ሲሊንደሮቹን በ1፣ 8፣ 7፣ 2፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3 ቅደም ተከተል ያቃጥላል፤ ጎዶሎ ቁጥሮቹ በግራ፣ ሙሉ ቁጥሮቹ በቀኝ ናቸው። አንባቢው በጣቱ ቢቆጥር ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ ሲባል ቆይቶ 2 እና 6 ላይ ቀኝ በተከታታይ ሁለት ጊዜ እንደሚመጣ ያያል፤ 3 አልቆ ወደ 1 ሲመለስም ግራ ይደገማል። ስለዚህ በግራው ቧንቧ የሚወጣው ጋዝ በ180፣ በ270፣ በ180 እና በ90 ዲግሪ ልዩነት ይመጣል፤ እንደሚያነክስ ፈረስ ኮቴ። የአሜሪካ ቪ8 የሚንዶቆዶቀው በዚህ ምክንያት ነው። ዚ06 የተባለው ደግሞ 5.5 ሊትር ሞተሩ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ጠፍጣፋ ስለሆነ ግራና ቀኙን ሳያዛንፍ ያፈራርቃል፤ እያንዳንዱ ቧንቧ በየ180 ዲግሪው እኩል ይተፋል፤ እስከ 8600 ዙር ሲደርስም የሁለቱ ቧንቧዎች ድምር በሰከንድ 573 ጊዜ ይሆናል፤ ድምፁ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ጩኸት ነው። የሁለቱንም ቫልቭ ክፈቱ፤ አንደኛው ይንዶቆዶቃል፣ ሌላኛው ይጮኻል። አንዱን ወደ ሌላው የሚለውጥ ቫልቭ የለም። ማነከሱን አጉልቶ ማሰማት ወይም በማርሚታው ክፍሎች ውስጥ አለስልሶ ማሳለፍ ግን ይችላል፤ ሥራውም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሳያስቡት ለእኔ የመሰከሩበት ቦታ አለ። ቫልቭ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ንጹሕ ድምፅ ምን ይመስል እንደነበር ለማስረዳት የ1994ቱን ፌራሪ ኤፍ355 ያነሣሉ። ያ መኪና ማርሚታውን አልፎ ጋዙን በአቋራጭ የሚያስወጣ ቫልቭ ነበረው። ያ ሁሉ የተወደሰለት ጩኸት በከፍተኛ ዙር የተሰማው ቫልቩ ተከፍቶ ነው። ሌላው በውብ ድምፁ የሚጠቀሰው ሌክሰስ ኤልኤፍኤም እንዲሁ ነው። 4.8 ሊትር፣ ባለ አሥር ሲሊንደር ሞተሩ በ9000 ዙር በሰከንድ 750 ጊዜ ይተፋል፤ ድምፁን ለመቃኘት የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪው ያማሃ ተሳትፎበታል፤ ከ3000 ዙር በታች ጋዙን በማርሚታው ክፍሎች የሚያዞር፣ ከዚያ በላይ የሚከፍት ቫልቭም አለው። የተሠሩት 500 ብቻ ናቸው፤ ቫልቩ ድምፁን ገደለው ያለ ባለቤት ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ወደ ጉልበቱ ልለፍ፤ እዚህ ላይ አምራቾቹ ራሳቸው ያወጡት ቁጥር ስላለ ብዙ ማተት አያስፈልግም። የ2008ቱ ኮርቬት ሲ6 በመደበኛው ማርሚታ 430 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ቫልቭ ባለው 436። ቀጣዩ ሲ7 455 እና 460፤ ሲ8 490 እና 495። የ2024ቱ ፎርድ ማስታንግ ጂቲ 480 እና 486። ከአምስት እስከ ስድስት የፈረስ ጉልበት ነው፤ ከመቶ አንድ ቢባል ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። ሲዘጋ ይሰረቃል የሚባለው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም ቧንቧ በጋዝ ላይ የሚያሳድረው ተቃውሞ ከፍሰቱ ጋር በካሬ ነው የሚያድገው። ነጂው ነዳጅ መርገጫውን ሙሉ ቢረግጥ እንኳ በ2000 ዙር የሚወጣው ጋዝ በ6000 ዙር ከሚወጣው ሲሶ ገደማ ነው፤ ተቃውሞው ግን ዘጠነኛው ብቻ ይሆናል። ቫልቩ የሚዘጋው ደግሞ ጋዙ ጥቂት በሆነበት በዚያ በዝቅተኛው ዙር ነው፤ ጋዙ ሲበዛ ይከፈታል። በጋራዥ አካባቢ ሞተር ተቃውሞ ካላገኘ ጉልበት አይኖረውም የሚል ተቃራኒ አባባልም አለ፤ እሱም ልክ አይደለም፣ ነገር ግን የጸሐፊው ስላልሆነ እተወዋለሁ።

ሕግን ለማታለል የተፈጠረ ነው የሚለውን ነው በግማሽ የምቀበለው። በቀድሞው የአውሮፓ ፈተና መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ወደ መለኪያው ቦታ ይገባና፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ መርገጫው ሙሉ በሙሉ ይረገጣል፤ ድምፁንም ከመስመሩ መሐል 7 ሜትር ተኩል ርቀው የቆሙ ማይክሮፎኖች ይለኩታል። ፈተናው በዚያ ፍጥነትና በዚያ ማርሽ ብቻ ከሆነ፣ ቫልቩ እዚያ ላይ እንዲዘጋና ትንሽ አለፍ ብሎ እንዲከፈት ማድረግ ለአንድ መሐንዲስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህ እንደሚደረግ የማያውቅ በሙያው ውስጥ አልነበረም። ጸሐፊው ግን ሕጉ እዚያው የቆመ ይመስል ነው የጻፉት። ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ደንብ ለፈተና ብቻ የሚሠራ፣ በተለመደው አነዳድ ግን የማይሠራ መሣሪያን ከልክሏል፤ ከመደበኛው ፈተና ውጭ በሆኑ ማርሾችና ፍጥነቶችም ድምፁ ከሚጠበቀው በላይ እንዳይዘልል መለኪያ አክሏል፤ ነጂው በቁልፍ የሚመርጠው ማርሚታም በሁሉም ምርጫዎቹ ደንቡን እንዲያሟላ፣ የሚመዘገበውም ከፍተኛው እንዲሆን አዟል። መቀመጫቸው ዝቅ ያለ፣ ከአራት ሰው በላይ የማይዙ ጉልበተኛ መኪኖች ጣሪያ በ2016 75 ዴሲቤል ነበር፤ ለአዳዲስ ሞዴሎች በ2020 ወደ 74፣ በ2024 ወደ 72 ወርዷል። 3 ዴሲቤል በጽሑፍ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ የድምፁን ኃይል ግን በግማሽ መቀነስ ማለት ነው።

ጸሐፊው ለቫልቩ የሰጡት ጥፋት ባለቤቱ እዚህ ጋ ነው ያለው። በ2015 ፌራሪ ያለ ቱርቦ (በጭሱ ግፊት እየዞረ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር ከሚገፋው መሣሪያ ውጭ) ይሠራ የነበረውን 4.5 ሊትር 458 ባለ ሁለት ቱርቦ በሆነው 3.9 ሊትር 488 ተካው፤ ፖርሽም በዚያው ዓመት የ911 ካሬራን ሞተር ወደ ቱርቦ ለወጠ። ቱርቦ የሚዞረው ከጋዙ ጉልበት ወስዶ ነው፤ የወሰደው ጉልበት ወደ ኋላ ሄዶ ድምፅ አይሆንም። በመስከረም 2018 ደግሞ በአውሮፓ ቤንዚንን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጩ አዳዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ የጥቃቅን ብናኝ ገደቡ ስለጠበቀ፣ ብዙዎቹ በቧንቧው መሐል የማር እንጀራ የመሰለ ማጣሪያ ገጠሙ። ማጣሪያው ብናኙን ሲይዝ ድምፁንም አብሮ ይይዛል። ከቱርቦውና ከማጣሪያው ተርፎ የደረሰውን ጥቂት ድምፅ ለጆሮ የሚያበቃ አንድ መሣሪያ ቢቀር ቫልቩ ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ የከሰሱት እሱኑ ነው።

የመጨረሻው፣ ከፍተህ ተወው የሚለው ምክር ነው። ይህን ምክር ከወረቀት ውጭ አይቼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሜን ቨርጂኒያ በአንድ ጋራዥ ስሠራ፣ አንድ የሀገራችን ልጅ ሲ6 ኮርቬት ይዞ መጣ። በዚያ መኪና ቫልቩን ዘግቶ የሚይዘው ቫኪዩም ነው፤ ቫኪዩሙ ሲቋረጥ ስፕሪንጉ ይከፍተዋል። ስለዚህ አንዲት ፊውዝ ከሳጥኑ መንቀል በቂ ነው፤ የኮርቬት ባለቤቶች ሁሉ የሚያውቁት ዘዴ ነው። «ጋሼ፣ ይቺን ይንቀሉልኝ» አለኝ፤ ነቀልኩለት። ከግቢው ሲወጣ ያሰማውን ድምፅ ሁላችንም ሥራ አቁመን ሰማነው፤ የሚያስደስት ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ቻርሎት ደርሶ ተመለሰ። «ስድስት ሰዓት ሙሉ አንድ ሰው ደረቴ ላይ ከበሮ ሲመታብኝ ነው የመጣሁት» ብሎ ፊውዟን እንድመልስለት ለመነኝ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያ መኪና በስድስተኛ ማርሽ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ በ1500 ዙር ገደማ ይዞራል፤ ይህም 100 ሄርዝ ነው። የዚህ ድምፅ ሞገድ በአየር ውስጥ 3 ሜትር ከ40 ያህላል፤ ግማሹ 1 ሜትር ከ70 ሲሆን፣ የባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ውስጠኛ ርዝመት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ድምፁ በመኪናው ውስጥ እየተመላለሰ ራሱን ያጎለብታል፤ ያነከሰው ትርታ ደግሞ ከ100 ሄርዝ በታች ከሥሩ ይጨምርበታል። የሚያስቀው፣ ተራ የድምፅ መለኪያ ይዞ የሚገባ ሰው ይህን በቅጡ አያገኘውም። መለኪያው የሰውን ጆሮ እንዲመስል ተደርጎ ስለተሠራ 100 ሄርዝ ላይ 19፣ 50 ሄርዝ ላይ 30 ዴሲቤል ቀንሶ ነው የሚያነበው። ቁጥሩ ደህና ነው ይላል፤ የነጂው ደረት አይደለም ይላል። ቫልቩ በዚያ ዙር ሲዘጋና ጋዙ ለ100 ሄርዝ በተቃኙት ክፍሎች ሲያልፍ ጉምጉምታው ይጠፋል። ከዚያ ነጂው ሲረግጥ ይከፈትለታል። ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ቫልቭ ይህን አይችልም፤ ሥራ የፈታው ዘንግም በጥቀርሻና በዝገት ተይዞ አንድ ቀን ልዝጋህ ሲሉት እምቢ ይላል። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠሩትን ሶኬት የነቀሉ ሰዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዳሽቦርዳቸው ላይ የስሕተት መብራት እያዩ ይነዳሉ።

ጎረቤትም አለ። ፎርድ በ2018 ማስታንግ ጂቲ ላይ ቫልቩ በተወሰነ ሰዓት ተዘግቶ መኪናው ለስለስ ብሎ እንዲነሣ የሚያደርግ ምርጫ ያስገባው፣ ከራሱ መሐንዲሶች አንዱ መኪናውን ከቤቱ ሲያስነሣ ጎረቤት ፖሊስ ስለጠራበት እንደሆነ ኩባንያው ራሱ ተናግሯል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ጸሐፊው ሊሉት ሲችሉ ያላሉት አንድ ነገር አለ። ሞተር ቀዝቅዞ ሲነሣ ኮምፒውተሩ የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ካታሊስት ቶሎ ለማሞቅ ሲል ዙሩን ከፍ ያደርጋል፣ የካንዴላውንም ብልጭታ ያዘገያል፤ ጋዙ ቃጠሎውን ሳይጨርስ ስለሚወጣ ድምፁ በራሱ ከባድ ነው። ቫልቩ መዘጋት የሚገባው አንድ ቅጽበት ቢኖር ይህ ነው። አንዳንድ አምራቾች ግን መኪናው ሲነሣ ጉራ እንዲያሰማ ብለው ያን ጊዜ ለይተው ይከፍቱታል። ለዚህ የድምፅም፣ የጉልበትም፣ የሙቀትም ምክንያት አላገኘሁለትም፤ ጸሐፊው ክሳቸውን በዚህ ላይ ቢያቀርቡት ኖሮ ይህን ምላሽ አልጽፍም ነበር።